የአሥራ አራት ወር ነፍሰ ጡር

ውቢት ገሠሠ የምትባል ሴት በዚህ ዓለም ኖራ አታውቅም። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት፣ እርግዝናዋ የመጀመሪያ፣ ደም ግፊቷ ደህና፣ ባለቤቷ ሙሌ የሚባል ገበሬ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ሁሉም ውሸት ነው። ውቢትን የፈጠሯት ሁለት ሰዎች ሲሳሳቁ ነው። ከሁለቱ አንዷ፣ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ጓሳ በር ከሚባለው ጉብታ ጫፍ ላይ፣ ነፋስ ነጠላዋን እየቀማት፣ ስልኳን በሁለት እጇ ወደ ደባርቅ አቅጣጫ ዘርግታ ቆማ ነበር።

የትናየት ትባላለች፤ የመርጌታ ወልደ ሩፋኤል ልጅ ናት። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ ከሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ ጤና ኬላ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆነች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ልጅ ታስከትባለች፣ ነፍሰ ጡር ትመዘግባለች፣ ሽንት ቤት አልቆፍርም ያለውን አባወራ እየተጨቃጨቀች ታስቆፍራለች። ቀበሌው ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ጓሳ በር ላይ ብቻ፣ ያውም ደስ ሲለው፣ አንዲት መስመር ብቅ ትላለች።

ስልኩ የራሷ አይደለም፤ የጥናት ነው። የዛሬ ዓመት ከጎንደር የመጡ አጥኚዎች እሷንና አሥራ አንድ ጓደኞቿን ደባርቅ ሰብስበው ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስልክ አደሏቸው። ነፍሰ ጡሮች በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በስልክ ቢመዘገቡ፣ ቀጠሯቸው ሲደርስ ስልኩ ቢያስታውስ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው የሚወልዱት ይበዛሉ ወይ? ጥያቄው ይኸው ነበር። አሠልጣኙ አንዱዓለም የሚባል ቀጠን ያለ የጎንደር ልጅ ነው፤ የጥናቱን መረጃ የሚይዘው እሱ ነበር።

ለመለማመጃ ሁሉም አንድ አንድ የውሸት እናት ይፍጠሩ ተባለ። የትናየት ውቢትን ፈጠረች፤ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር አድርጋ መዘገበቻት። ሥልጠናው ሲያልቅ ሌሎቹ የየራሳቸውን ሰረዙ። እሷ ረሳች። ረሳች እንበል፤ እሷም እስከ ዛሬ የምትለው ይህንኑ ነው።

ከሳምንት በኋላ ጓሳ በር ላይ የቀኑን መዝገብ ስትልክ፣ በውቢት ቅጽ ግርጌ፣ «ማስታወሻ» በሚለው ቦታ አንድ ጽሑፍ አገኘች። «ውቢት እንዴት አደረች?» ይላል። ብቻዋን ስትስቅ በግ የሚጠብቅ ሽማግሌ ዞር ብሎ አያት። «ውቢት ደህና ናት፤ ምግብ አልበላ ብሏታል» ብላ መለሰች። በማግሥቱ «ምን ያምራታል?» የሚል መጣ። «የጎንደር ብርቱካን» አለች። በወሩ መጨረሻ አንዱዓለም ለቁጥጥር ሲመጣ አንድ ፌስታል ብርቱካን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ፣ በሰው ፊት፣ ፈገግም ሳይል፣ «ይህ ለአንዲት ታካሚ ነው» አላት።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ያች የማስታወሻ ቦታ ከመቶ ስድሳ ፊደል በላይ አትቀበልም፤ ሁለቱ በመቶ ስድሳ መቶ ስድሳ ፊደል ዓመቱን ሙሉ ተጻጻፉ። አንድ ቀን የደም ግፊት መለኪያዋን ልሞክር ብሎ ክንዱን ሲሰጣት፣ ልቡ እጇ ሥር ይደልቅ ነበር። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የተነበበውን ቁጥር ሁለቱም አላዩትም። ማታውን «የሙሌ ልብ ያሳስባል፤ ሚስቱ ዘንድ ሲቀርብ ይፈጥናል» ብላ ጻፈች።

ታዲያ ውቢት ሐምሌ ላይ መውለድ ነበረባት። ወለደች ተብሎ ከተመዘገበ ግን መዝገቡ ይዘጋል፤ ማስታወሻውም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ አልወለደችም። ስልኩ በቀይ ጽሑፍ «መውለጃዋ አልፏል» እያለ በየሳምንቱ ይጮሃል፤ ሁለቱ ይስቃሉ። ነሐሴ ላይ አንዱዓለም በቃሉ እንዲህ አላት፦ «ጥናቱ ሳይዘጋ ሽማግሌ ብልክ፣ መረጃውን በፍቅር አስሞላው ይሉኛል። የአሥራ ሁለታችሁም ልፋት ገደል ይገባል። ጥር ላይ ይዘጋል። ትጠብቂኛለሽ?»

በአፏ አልመለሰችለትም፤ አፈረች። ማታ ጓሳ በር ወጥታ «ውቢት ትጠብቃለች» ብላ ጻፈች። ከጉብታው ስትወርድ እግሯ መሬት አልነካም።

*

የታኅሣሥ ገብርኤል በዋለ ማግሥት ግን ከአምባ ጊዮርጊስ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ያርጋል ለሚባል ለእህል ነጋዴ ልጅ ነው የመጡት። ያርጋል ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ይህን ሁሉም ይመሰክራል። መርጌታ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው «እስከ ጥር ሥላሴ ስጡኝ» ብለው ሸኙና ልጃቸውን ጠሩ።

«የትናየት፣ ልብሽ ውስጥ ሰው አለ?»

አንገቷን ደፋች።

«ካለ ያምጣ። ከየትም ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ ሦስት ሽማግሌ በደጄ ያቁም፤ ለእሱ እሰጣለሁ። አሥራ ሰባት ቀን አለው። ካልመጣ ግን ለእነዚህ ቃል እሰጣለሁ። ቃል ከሰጠሁ በኋላ አታዋርጂኝ። አንዴ ተዋርጃለሁ።»

የእስከዳርን ነገር ማለታቸው ነው። እስከዳር ታላቅ እህቷ ናት፤ የዛሬ አምስት ዓመት በሰርጓ ዋዜማ ወደ መተማ ጠፋች። መርጌታ በእሑዱ ቅዳሴ የተተወው ሙሽራ የዳባት ዘመዶች እያዩዋቸው ግንባራቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ ዓምድ ላይ አስደግፈው ሲያለቅሱ የትናየት በዓይኗ በብረቱ አይታለች። ከዚያ ወዲህ የዳባቶቹ ሰዎች ሰላም አይሏቸውም።

«አላዋርድዎትም አባባ። በእመቤቴ» አለች። ይህን ቃል የሰጠችው ራሷ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም።

በማግሥቱ ነው እንግዲህ ጓሳ በር ላይ ስልክ ዘርግታ የቆመችው። የጻፈችው ይህን ነው፦ «አባቷ ለሌላ ሊሰጧት ነው። እስከ ጥር ሥላሴ ቀን ተሰጥቷታል። የሚያስብላት ካለ ሦስት ሽማግሌ ይላክ። ካልመጣ ቃሏን ትሰጣለች። ውቢት ደጅ ደጁን ታያለች።»

ላከች። አረንጓዴዋ ምልክት በራች። ሄዷል ማለት ነው። እፎይ ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

ለምን በራሷ ስልክ አልደወለችለትም? እንጃ እሷን። የመርጌታ ልጅ ወንድ ዘንድ ደውላ «ሽማግሌ ላክልኝ» ለማለት አፏ እንዴት ይታዘዝላት? በጽሑፍ ማለቱም በውቢት ስም ሆኖ ነው እንጂ የማይታሰብ ነበር። ደግሞስ ደርሶት የለ? ምልክቷ አረንጓዴ ናት።

አባቷ በዚያው ቀን ውሻውን አሰሩት። የእንግዳ ጠላት የሆነ ውሻ ነበራቸው፤ የሚመጡት ሽማግሌዎች እንዳይደነግጡ ብለው ከጓሮ ዛፍ ጋር አሰሩት። ጎረቤት «መርጌታ ምነው ውሻውን አሰሩት፣ ሌባ ሊጋብዙ ነው?» እያለ ቀለደባቸው። የትናየት በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ የታሰረውን ውሻ ታያለች፤ በየቀኑ ጓሳ በር ትወጣለች። የሌሎች እናቶች መዝገብ ይሄዳል። የውቢት ግርጌ ግን መልስ የለውም።

የሥላሴ ዋዜማ በራሷ ስልክ ቁጥሩን ነክታ፣ ሳይጠራ ዘጋችው። ያነበበና ዝም ያለ ሰው ደውላ ብትጠይቀው ምን ሊላት ነው? የጎንደር ልጅ የገጠር ልጅ ናት ብሎ ተጫወተብኝ ከማለት ሌላ ምን ቀራት? ሥላሴ ዋለ። ሲመሽ አባቷ ወጥተው ውሻውን ፈቱት። ያኔ ነው ልቧ ቁርጥ ያለው።

በማግሥቱ ያርጋል ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። ቃል ከመሰጠቱ በፊት ላናግራት ብሎ አስፈቀደና በሩ ላይ ቆሞ፣ በዝግታ፣ «ሌላ ሰው ካለሽ አሁን ንገሪኝ፤ ሽማግሌዎቼን ይዤ እመለሳለሁ፤ አልቀየምሽም» አላት።

ዓይኑን አየችው። ደህና ሰው ነው። ይህ ደግሞ የባሰ ነገር ሆነባት።

«ማንም የለኝም» አለችው። እውነት መስሏት ነው እንዲህ ያለችው።

*

የቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ ሰርጓ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ የጥናቱ መኪና ጤና ኬላው ደጅ ቆመ። አንዱዓለም ዘሎ ወረደ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፊቱ በርቷል። እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። ይህን ስታይ ይባስ ተናደደች።

«ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቻርጀሩም አለ። አስፈርመህ ውሰድ» አለችው።

«የትናየት! ምነው? ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ለሃያ ሁለት ሰርጌ ነው። ሥራ ይዣለሁ።»

«የማን ሰርግ?»

«የኔ! አሥራ ሰባት ቀን ጠበቅሁህ። አንብበህ ዝም አልክ። ባትፈልገኝ እንኳ አልፈልግም ማለት ምን ይከብድሃል? መቶ ስድሳ ፊደል ነበረህ፤ ስድስቱ ይበቁህ ነበር።»

«ምኑን ነው ያነበብኩት?»

ስልኩን አንስታ ገፋችለት። ከፈተው። የውቢትን ቅጽ አገኘ፣ ወደ ግርጌው ወረደ፣ አነበበ። ቀኑን አየ። እንደገና አነበበና የክትባት ሳጥኑ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«በሃያ አንድ ነው የጻፍሽው።»

«አዎ።»

«እኔ በሃያ ሰረዝኳት።»

ያለው ነገር መጀመሪያ አልገባትም። ቀስ እያለ ነገራት። አለቃው ዶክተር ሰብስቤ መረጃው ከመዘጋቱ በፊት ሪፖርቱን ሲያይ «ይህች የአሥራ አራት ወር ነፍሰ ጡር ማን ናት? ዝሆን ናት እንዴ?» አለ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። «እኔም አብሬ ሳቅሁ» አለ አንዱዓለም። የቀሩ የሙከራ መዝገቦች ዛሬውኑ ይሰረዙ ተባለ። የሚሰርዘው ደግሞ እሱ ነው። ውቢትን ከጎንደሩ መዝገብ በገዛ እጁ አጠፋት።

«ምልክቷ ግን አረንጓዴ ሆነች እኮ» አለች የትናየት።

«ስልኩማ ልኮታል። እዚያ የሚቀበለው መዝገብ የለም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለሁላችሁም ማስታወቂያ ልኬያለሁ። ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር አብሮ ይወርዳል...» ብሎ መሀል ላይ አቆመ።

«ጓሳ በር ላይ እኮ ከጽሑፍ በላይ ነገር አይወርድም።»

«አይወርድም» አለ። «በራስሽ ስልክም ደወልኩ። በየቀኑ ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም ይላል። ምን አለ፣ ጥር ላይ በአካል እነግራታለሁ አልኩ። ውቢት ትጠብቃለች ብለሽኝ የለ?»

ከደረት ኪሱ አንዲት ትንሽ ደብተር አወጣ። ከመሰረዙ በፊት የዓመቱን ማስታወሻ ሁሉ፣ ከብርቱካኑ ጀምሮ፣ በእጁ ገልብጦታል። የመጨረሻዋ ብቻ የለችም። «ለእሑድ ሦስት ሽማግሌ አዘጋጅቻለሁ» አለ። «አጎቴ ገብረ ክርስቶስ ጋቢውን አሳጥቦ ይጠብቃል። ዛሬ ስልኮቹን ሰብስቤ ስፈርም ጥናቱ ያልቃል፤ ከዚያ ማንም ምንም አይለኝም ብዬ ነበር...»

የትናየት የምትጮህበት ሰው ፈለገች። ማንን ትቆጣ? እሱን? ዶክተሩን? ስልኩን? ጓሳ በርን? ንዴቷ ሁሉ ከውስጧ ወጥቶ ሄዶ ባዶዋን አስቀራት። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር።

*

«አባትሽ ዘንድ እሄዳለሁ» አለ አንዱዓለም።

«ሽማግሌ ሳትይዝ?»

«ሽማግሌ ሳልይዝ።»

በዚያ አገር ይህ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ያውቃል። ከመርጌታ ደጅ ሲደርሱ ውሻው ተወርውሮ ደረቱ ላይ ወጣበት። የትናየት በድንጋይ መለሰችው። መርጌታ ግድግዳ ተደግፈው ለተማሪዎቻቸው ዜማ ያስተምራሉ፤ ሁለቱን አብረው ሲያዩ ተማሪዎቹን በእጃቸው አሰናበቱ። አንዱዓለም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ቆመ። ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ውቢትም ሳይደብቅ ተናገረ።

መርጌታ ወደ ውሻው ተመለከቱ።

«ይህ ውሻ አሥራ ሰባት ቀን ታስሮ ነበር ልጄ» አሉ። «ላንተ ብዬ ነው ያሰርኩት። ማን እንደሆንክ ሳላውቅ።»

«የኔታ፣ አጥፍቻለሁ።»

«አላጠፋህም። ምን አጠፋህ? እሷስ ምን አጠፋች? ያ የሰው ልጅ ያርጋልስ ምን አጠፋ? በደጄ ቆሞ ሰው አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። የለኝም አለችው። እኔም በሥላሴ ስም ቃሌን ሰጠሁ። እናቱ ያንን ዳገት በእግሯ ወጥታ የልጄን ራስ ስማለች። አሁን የማን ቃል ይፈረስ? ንገረኝ፤ አንተ የተማርክ ነህ።»



መርጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሽማግሌው ዓይናቸው ቀልቷል። «የትናየት፣ አልሄድም ካልሽ እጅሽን አስሬ አልሰጥሽም። እስከዳርንም ረግሜያት አላውቅም። ግን በእመቤቴ ያልሽውን እኔ ልፈታልሽ አቅም የለኝም። እኔ ራሴም የታሰርኩ ነኝ።»

የትናየት አባቷን አየች። ከዓምዱ ላይ የተደገፈው ግንባር ታያት። በሩ ላይ ቆሞ በዝግታ የጠየቃት ያርጋል ታያት። ከዚያ አንዱዓለምን አየችው፤ አዲሱ ሸሚዙ ላይ የውሻው እግር በአቧራ ታትሟል። አንድ ቃል ብትናገር አብራው መኪናው ውስጥ ትገባለች፤ ማንም አያስቆማትም። ከናፍሯ ተላቀቁ። ቃሉ ግን አልወጣም። ጠጋ ብላ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። መልሷ ይህ ስንብት ነበር፤ ሁለቱም ወንዶች ገባቸው፤ መርጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

*

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እስከ ማታ ዳባት መድረስ አለባቸው፤ ገና አራት ስልክ ይቀራል። ጤና ኬላው ውስጥ አንዱዓለም ስልኩን ይዞ ቆሟል። ደንቡ ግልጽ ነው፦ የእናቶች ምስጢር ስለሆነ እያንዳንዱ ስልክ በጤና ሠራተኛዋ ፊት ባዶ ይደረጋል፣ እሷም ትፈርማለች።

«ክፍት መዝገብ እያለ አልጸዳም ይላል» አለ። «አንድ ቀርቷል። በስምሽ ነው የተመዘገበችው፤ መዝጋት የምትችይው አንቺ ነሽ።»

የትናየት ስልኩን ተቀበለች። የውቢት ገሠሠ መጨረሻ ምን እንደሆነ ቅጹ ይጠይቃል። አራት ምርጫ አለው፦ ወለደች። ሞተች። ወደ ሌላ ወረዳ ሄደች። ጠፋች።

«ጠበቀች የሚል የለውም?» አለችው።

«የለውም።»

«ትንሽ እንቆይ የሚልስ?»

«የትናየት...» ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ እጇን ልትሰድለት አሰበችና መለሰችው። ያችን ትንሽ ደብተር አውጥቶ ሰጣት። ራሷን ነቀነቀች። «ይዣት ሰው ቤት አልገባም። አንተ ዘንድ ትቀመጥ» አለች።

ከዚያ «ወደ ሌላ ወረዳ ሄደች» የሚለውን ነካች። ስልኩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። በዚህ ዓመት ውስጥ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ይህ ዕቃ ብቻ ነው። ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። «አዎ» የሚለውን ተጫነች። አረንጓዴዋ ምልክት በራች፣ ጠፋች። መስታወቱ ጠቆረ። ሲበራ አዲስ ስልክ ሆኖ በራ፤ የማንም አልነበረም።

ፈረመች። ስሟን አሳምራ ጻፈች። መኪናው ኩርባውን ሲዞር አቧራው እስኪረግፍ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

አግዳሚው ላይ አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ተራዋን ስትጠብቅ ቆይታለች። «ምነው እቴ የትናየት፣ አመመሽ እንዴ?» አለቻት።

«አላመመኝም። ግቢ» አለችና የድሮውን የወረቀት መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደች። ገለጠችው፤ እስክሪብቶዋን ከፈተች። «መጨረሻ የወር አበባሽን ያየሽው መቼ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ መለሰችላት። እንደገና ጠየቀች፤ ሴትዮዋም እንደገና ነገረቻት። ሁለቱንም ጊዜ አልሰማችም።